የትምህርት ቤቱ ቅጽና የፍሉ ክትባት

 

በብሪክስተን ትምህርት ሲከፈት የፍሉ ክትባት የፈቃድ ቅጽ ለወላጅ ይላካል። በብዙዎቻችን ቤት ግን ቅጹን አንብቦ የሚያስረዳው እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ነው። «የአሳማ ነገር አለበት» ይባልና ቅጹ ሳይሞላ ይቀራል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም።

ፍሉ ጉንፋን አይደለም

ቅድመ አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ይሉት የነበረው ፍሉን ነው። በ1911 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1918) አዲስ አበባ ገብቶ ሺዎችን ገደለ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ያኔ ክትባት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ስኳር ወይም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት ይገቡና ለአያት ያስተላልፋሉ።

ጄላቲኑ የት ነው ያለው?

ለልጆች በአፍንጫ የሚነፋው ክትባት ውስጥ ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን አለ። በ1995 ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ ዑለማኦችና ሐኪሞች ጄላቲኑ ባሕርዩ ስለተለወጠ ይፈቀዳል ብለዋል፤ ይህን የማይቀበሉም አሉ። በዚህ ጉዳይ የምታምኑበትን ዓሊም ጠይቁ። ሆኖም የዑለማኦቹ ልዩነት ክትባት አያስቀርም፤ በመርፌ የሚሰጠው የፍሉ ክትባት ይህ ጄላቲን የለበትምና። ኤን ኤች ኤስ የአፍንጫውን ለልጆች ቢያስቀድምም፣ በሃይማኖት ምክንያት ለማይፈልግ ቤተሰብ መርፌውን በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ «አንፈልግም» ብቻ ብሎ ከመመለስ «ጄላቲን የሌለበትን መርፌ እንፈልጋለን» ማለት ይሻላል።

ለማን? የት?

ከሪሴፕሽን እስከ 11ኛ ዓመት ያሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት፣ የ2 እና የ3 ዓመት ሕፃናት በጂፒ ይከተባሉ። 65 ዓመት የሞላቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው በጂፒ ወይም በፋርማሲ በነፃ ያገኛሉ። ከቤት መውጣት ለማይችል አዛውንት ጂፒውን ጠይቁ። ወላጆቻችሁ ከሐኪም ጋር በአማርኛ መነጋገር ከፈለጉ፣ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።

ለምን በየዓመቱ?

ቫይረሱ ይለዋወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእኛ ክረምት የሚሆነውን የክትባት ቅንብር በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ያሳውቃል፤ ከዚያ ለማምረት ወራት ይፈጃል። ከተከተባችሁ በኋላ ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል፤ ስለዚህ በሽታው ከመስፋፋቱ በፊት መከተብ ይጠቅማል። መርፌው ውስጥ ሕያው ቫይረስ ስለሌለ ፍሉ አያስይዝም፤ ክንድ ሊያም፣ ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል።

በዚህ ሳምንት

1. ቅጹን ከወላጅ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ፈራሚው ወላጅ ነው።
2. መርፌ ከፈለጋችሁ ይህንኑ በግልጽ ለክትባት ቡድኑ አሳውቁ።
3. እማማና አባባ መከተባቸውን ጠይቁ፤ ካልተከተቡ ቀጠሮ አስይዙላቸው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አስተምረውናል። ሰበቡን እናድርስ፤ ጠባቂው አላህ ነው።