የመልስ መንገድ ያጣ ሥልጠና፦ ቴክኖሎጂ መምህራንንና የትምህርት ቦርድ አባላትን መቼ ያሠለጥናል?

በኢትዮጵያ የመምህራን ሥልጠና እንዴት እንደሚሰጥ ለሚያውቅ ሰው «ካስኬድ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በማዕከል አንድ የሥልጠና ማኑዋል ይዘጋጃል፤ ጥቂት ባለሙያዎችም በማኑዋሉ ላይ ለቀናት ይሠለጥናሉ። እነርሱ የክልል ባለሙያዎችን፣ የክልሎቹ የዞን፣ የዞኖቹ የወረዳ፣ የወረዳዎቹ ደግሞ የጉድኝት ማዕከላትን ሱፐርቫይዘሮች ያሠለጥናሉ። ሱፐርቫይዘሩ በመጨረሻ ያወቀውን ለመምህሩ ያካፍላል። ከላይ አምስት ቀን የፈጀው ሥልጠና ከታች ሲደርስ የግማሽ ቀን ገለጻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ችግር በመገናኛ ምህንድስና ዘንድ የቆየ ችግር ነው። ድምፅ በረጅም የስልክ ሽቦ ሲጓዝ ይደክማል፤ ስለዚህ በየመካከሉ ማጉያ ይተከላል። ይሁን እንጂ ማጉያው መልእክቱን ከሁከቱ ለይቶ አያውቅም። በመንገድ ላይ የተቀላቀለውን ጩኸትም አብሮ ያጎላዋል። በካስኬድ ሥልጠና ከላይ በተዘረዘሩት አምስት ቅብብሎሽ በእያንዳንዱ ላይ ከመልእክቱ 80 በመቶው ሳይዛባ ያልፋል ብለን ብንገምት እንኳ፣ ለመምህሩ የሚደርሰው 33 በመቶው ብቻ ነው። ግምቱ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ ሒሳቡ ግን ለማንም አያዳላም።

ቅብብሎሹን በአንድ ጊዜ ለማስቀረት ከታሰቡት መፍትሔዎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ሳተላይት ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ያመጠቀቻት ኤቲኤስ-6 የተባለች ሳተላይት ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ በጠፈር ላይ የሚዘረጋ አንቴና ነበራት። አንቴናዋ ትልቅ በመሆኑ የምትልከው ሞገድ ጠንካራ ነበር፤ ምድር ላይ ያለው መቀበያም በዚያው ልክ ትንሽና ርካሽ ሊሆን ቻለ። ሕንድ ከነሐሴ 1975 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይህችን ሳተላይት ተጠቅማ በስድስት ግዛቶች ለሚገኙ ወደ 2,400 የሚጠጉ መንደሮች የቴሌቪዥን ትምህርት አሠራጭታለች። ከሥርጭቱ አንዱ ክፍል የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሳይንስ ሥልጠና ነበር። በዚህም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ከየአካባቢያቸው ሳይርቁ ሠልጥነዋል።

በሕንዱ ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። መምህራኑ የተሰበሰቡት ቴሌቪዥን ለማየት ብቻ አልነበረም። ከሥርጭቱ ጎን ለጎን የሬዲዮ ፕሮግራም፣ በእጅ የሚሠሩ ሙከራዎችን የያዘ የታተመ መመሪያ እና በየማዕከሉ ተገኝቶ የሚያግዝ መሪ መምህር ነበር። ሳተላይቷ ሥራውን ብቻዋን እንድትሠራ አልተተወችም።

ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመረችውን የሳተላይት ትምህርት ብዙ አንባቢዎቻችን በዓይናቸው አይተውታል። «ፕላዝማ» በሚለው ስም የሚታወቀው ይህ ሥርጭት በእንግሊዝኛ የሚሰጥና ዝግጅቱ በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነበር። የተዘጋጀው ለተማሪው ነው፤ በመምህሩ ላይ ያሳደረው ተጽእኖ ግን ስለ ሥልጠናም ብዙ ያስተምራል። መምህሩ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይተዉለታል። በመካከሉ ግን ማስቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ «ይህቺ ነጥብ አልገባችሁም፤ በሌላ ምሳሌ ላስረዳችሁ» ማለት አይችልም። ከስቱዲዮ ወደ ክፍል የሚወስድ መንገድ ነበር፤ ከክፍል ወደ ስቱዲዮ የሚመልስ ግን አልነበረም። የቁጥጥር ምህንድስና እንዲህ ያለውን አሠራር ክፍት ዑደት ይለዋል።

ክፍትና ዝግ ዑደት የሚለዩበትን ነጥብ ለመረዳት እንጀራ ጋጋሪን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ካላወጣች ጋጋሪዋ እሳቱን ትጨምራለች፤ ካረረባት ትቀንሳለች። ውጤቱ ተመልሶ ሥራውን ያርመዋል፤ ይህ ዝግ ዑደት ነው። ምጣዱን ሳታይ «በእያንዳንዱ እንጀራ ሁለት ደቂቃ» በሚል ትእዛዝ ብቻ የምትጋግር ሴት ብትኖር ክፍት ዑደት ላይ ናት፤ የሊጡ ቅጥነት ወይም የኤሌክትሪኩ ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር ስሕተቷን የሚነግራት የለም። የቪዲዮ ሥልጠና ተመልክተው፣ አራት ጥያቄ መልሰው፣ የምስክር ወረቀት አትመው የሚወጡ መምህራን ሁሉ በዚህ ሁለተኛ ዓይነት ምጣድ ፊት የቆሙ ናቸው።

ዑደቱን የመዝጋት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ «ማይክሮቲቺንግ» የተባለውን ዘዴ ሲጀምሩ፣ ዕጩ መምህሩ ለጥቂት ተማሪዎች አጭር ትምህርት ይሰጣል፣ ይገመገማል፣ ያንኑ ትምህርት አሻሽሎ እንደገና ይሰጣል። የቪዲዮ መቅረጫ ሲጨመርበት ደግሞ መምህሩ ራሱን ከውጭ ማየት ቻለ። ጥያቄ ጠይቆ ለመልስ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሥ፣ ዓይኑ ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ አልፎ እንደሚያውቅ ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ዛሬ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በብዙ መምህራን ኪስ ውስጥ አለ፤ ሆኖም ከመቅረጽ ይልቅ ለመቀበል ብቻ ሲያገለግል ይታያል።

ይህ ሁሉ በልኬት ሲታይ ምን ይመስላል? በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር የተካሄደ ጥናት ሁለት ዓይነት ሥልጠናዎችን አነጻጽሯል። የሁለቱም ቡድኖች መምህራን ተመሳሳይ የትምህርት ዕቅድና መጻሕፍት ተሰጥቷቸዋል። አንደኛው ቡድን በአንድ ማዕከል ተሰብስቦ ሠለጠነ፤ ለሁለተኛው ደግሞ አማካሪ ክፍል ድረስ እየመጣ ሲያስተምር አይቶ መከረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለተኛው ቡድን ዘንድ የተማሪዎቹ የንባብ መሻሻል ከመጀመሪያው በእጥፍ ገደማ በለጠ። ዕቅዱ ያው፣ መጽሐፉ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ተመልክቶ የሚመልስ ሰው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ አማካሪው መኪና ነድቶ ከመምጣት ይልቅ በስልክ ቢመክርስ? በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር በተደረገ ሌላ ጥናት አንደኛው የመምህራን ቡድን በአካል የሚጎበኝ አማካሪ ተመደበለት። ለሌላው ዕቅዶችንና ቪዲዮዎችን የያዘ ታብሌት ተሰጥቶት አማካሪው በስልክና በዋትስአፕ ተከታተለው። ውጤቱ በ2022 በታተመው ጽሑፍ ሲገለጽ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የአካል ምክር የተማሪዎቹን የእንግሊዝኛ የመናገርና የማዳመጥ ችሎታ በ0.31 መደበኛ ልይይት፣ ንባባቸውን ደግሞ በ0.13 አሻሽሏል። የርቀቱ ምክር በመናገርና በማዳመጥ 0.12 ሲያስገኝ በእንግሊዝኛ ንባብ ላይ ለውጥ አላሳየም፤ ይባስ ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ ላይ ጉዳት አስከትሏል።

እነዚህን አኃዞች በቀላል ቋንቋ እንተርጉማቸው። ከ100 ተማሪዎች መካከል ልክ በመሐል የነበረ ልጅ 0.31 ሲያድግ ከ62 ያህሉ ይበልጣል፤ 0.12 ሲያድግ ደግሞ ከ55 ያህሉ። ሁለቱም ጥቅም ናቸው፤ እኩል ናቸው ብሎ ገንዘብ መመደብ ግን ስሕተት ነው።

በሌላ በኩል ማቲው ክራፍትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ስድሳ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ በርቀት በሚሰጥና በአካል በሚሰጥ ምክር መካከል የረባ ልዩነት አላገኙም። ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የአሜሪካ ናቸው። እንደ እኔ ግምት ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ መስለው የሚታዩት «በርቀት» የሚለው ቃል በሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት ሥራን ስለማያመለክት ነው። መምህሩ የክፍሉን ቪዲዮ ልኮ አማካሪው ደቂቃ በደቂቃ ተመልክቶ ሲመልስለት ዑደቱ ዝግ ነው፤ ርቀቱ ብቻ ረዘመ። አማካሪው ክፍሉን ሳያይ የማበረታቻ መልእክት ሲልክ ግን የመልሱ መንገድ ተቆርጧል።

ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በተገበረችው «ቱሶሜ» በተባለ የንባብ ፕሮግራም የተከተለችው መንገድ ከሁለቱ ይለያል። ቃሉ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው። ታብሌቱን የያዘው ትምህርት ቤቶችን የሚጎበኘው የመንግሥት ባለሙያ ነበር። ክፍል ገብቶ ያየውን ይመዘግባል፤ ጥቂት ልጆችን አስነብቦ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ ይይዛል። መሣሪያው እዚያው አስልቶ ከመምህሩ ጋር ስለ ምን መነጋገር እንደሚገባው ይጠቁመዋል። የጉብኝቱ ቦታ በጂፒኤስ ይመዘገብ ስለነበር የትራንስፖርት ክፍያው ባለሙያው በእርግጥ ከሄደበት ጋር ተያያዘ። ወረዳ ቢሮ ተቀምጦ የጉብኝት ቅጽ የሚሞላ ሱፐርቫይዘርን የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ትርጉም ይረዳዋል።

እስካሁን ስለ መምህሩ ተናገርን፤ ከመምህሩ በላይ የሚወስነው ቦርድስ? የትምህርት ቦርድ አባላት ብዙውን ጊዜ መምህራን አይደሉም፤ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ የቤት እመቤት፣ ጡረተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በጀት ያጸድቃሉ፣ ኃላፊ ይሾማሉ፤ ሥልጠና አለማግኘታቸው ምን ሊያስከትል እንደሚችል በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ የምትገኘው የሮዝሊን ትምህርት ዲስትሪክት አሳይታለች። በዲስትሪክቱ ከፍተኛ ኃላፊዎችና ከእነርሱ ጋር በተሳሰሩ ሰዎች 11.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሕዝብ ገንዘብ መመዝበሩን የግዛቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ አደረገ። ቦርድ ነበረ፤ በየጊዜውም ይሰበሰብ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ እያንዳንዱ አዲስ የቦርድ አባል በመጀመሪያ የሥራ ዓመቱ የስድስት ሰዓት የፋይናንስ ቁጥጥር ሥልጠና እንዲወስድ አስገደደ፤ ይህንንም ዛሬ በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል።

ስድስት ሰዓት በስክሪን ፊት መቀመጥ ቦርዱን ሒሳብ አዋቂ ያደርገዋል ወይ? የሰለጠነበት ሰነድ የራሱ ዲስትሪክት ሰነድ ካልሆነ እጠራጠራለሁ። ቴክሳስ በዚህ ረገድ አንድ ብልህ ሥርዓት አላት። የቦርዱ ሊቀ መንበር የትኛው አባል የሚጠበቅበትን ሥልጠና እንዳጠናቀቀና የትኛው እንደጎደለበት በሕዝብ ፊት በሚደረግ ስብሰባ ያስታውቃል፤ በቃለ ጉባኤም ይሰፍራል። የመልሱ መንገድ በመራጩ በኩል ያልፋል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ ማይክሮፎንና ወረቀት ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ኃላፊነት የሚሸከሙት የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ናቸው። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት የትምህርት ቤት ድጎማ በቀጥታ ወደየትምህርት ቤቱ መላክ ሲጀምር፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ ሥራም በእነርሱ ላይ ወደቀ። ከአባላቱ መካከል ማንበብ የማይችሉ ሊኖሩ እንደሚችሉ ግልጽ ነው፤ ለእነርሱ ማኑዋል ማተም ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ ጥቂት የሒሳብ ሥራ ይረዳናል። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 450 ሜጋባይት ይወስዳል። ያው ሰዓት በ32 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ ሲቀዳ 14 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ማለትም ሠላሳ አንድ ጊዜ ያንሳል። ኔትወርኩ ደካማ፣ የዳታ ዋጋውም ለገበሬ ኪስ ከባድ በሆነበት ቀበሌ የአሥር ደቂቃ የድምፅ ትምህርት በቴሌግራም መላክ ይቻላል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን የቦርዱ አባል በዚያው መንገድ በራሱ ቋንቋ ጥያቄውን ተናግሮ መመለስ መቻሉ ነው። «ለኖራ የተመደበው ብር ለወንበር ጥገና ቢውል ማን ይፈርማል?» የሚለው ጥያቄ ከቦታው ካልመጣ በቀር በየትኛውም ስቱዲዮ አይታሰብም። ድምፁ በማግሥቱ መልስ ካላገኘ ግን ቴሌግራሙም ሌላ ፕላዝማ ይሆናል፤ ስለዚህ የሥልጠናው ዋና ወጪ ታብሌት መግዣ ሳይሆን መልስ ሰጪ ባለሙያ መቅጠሪያ ሊሆን ይገባዋል።

ከአገር ውጭ ያሉ ማኅበራት ለተማሩበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲልኩ፣ ወይም በዙም የመምህራን ሥልጠና ሲያዘጋጁ ይህን ጥያቄ ማንሳት ይችላሉ፦ ከሥልጠናው በኋላ ባለው ወር መምህሩን ሲያስተምር የሚያየው ማን ነው? ባለሙያዎቹ ሦስት ቅዳሜ ሰጥተው የሚለያዩ ከሆነ፣ ያንኑ ሰዓት ለአሥር መምህራን ከፍሎ እያንዳንዳቸው የሚልኩትን የአሥር ደቂቃ የክፍል ቅጂ እየተመለከቱ መልስ መስጠት የተሻለ ያስገኛል። የተማሪዎቹን ፊት ላለማሳየት ካሜራውን ከኋላ ረድፍ ወደ ሰሌዳው አዙሮ መቅረጽና አስቀድሞ የርዕሰ መምህሩንና የወላጆችን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ አንባቢዎች ደግሞ ነገሩ በራፋቸው ላይ ነው። ብዙ ዲስትሪክቶች የቦርድ ስብሰባዎቻቸውን በኢንተርኔት ያሠራጫሉ፤ ቅጂውንም ያስቀምጣሉ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች የአስተርጓሚ አገልግሎት እንዲሰጡ ያዝዛል፤ አማርኛም ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎች ዲስትሪክቶች የሚኖር ወላጅም የአማርኛ አስተርጓሚ መኖሩን ከስብሰባው ቀናት አስቀድሞ ለቦርዱ ጽሕፈት ቤት ደውሎ ሊጠይቅ ይችላል። በስብሰባው ላይ ሊያቀርባቸው ከሚችላቸው ጥያቄዎች መካከል፣ የቦርዱ አባላት በዚህ ዓመት በምን ርዕስ እንደሠለጠኑና መምህራኑን ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚያማክር ሰው መኖር አለመኖሩ ይገኙበታል።