«አላየሁም» ለማለት አንችልም
በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 መጀመሪያ ላይ ለሰሚው እንግዳ የሚመስል ሥርዓት ተጽፎ እናገኛለን። በሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ሬሳ ቢገኝና ገዳዩ ባይታወቅ፣ ሽማግሎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው እስከ አካባቢው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ ሽማግሎች ቀንበር ያልተጫነባትን ጊደር ወደማይታረስ ሸለቆ አውርደው በማጅራቷ በኩል ይቆርጧታል። እጃቸውንም ታጥበው ያንን ደም እንዳላፈሰሱ በቃላቸው ይመሰክራሉ። ይህ ሥርዓት በዕብራይስጥ «ዔግላ ዓሩፋ» ይባላል።

የሚሽና ጠቢባን በማሴኼት ሶታ ምዕራፍ 9 ላይ ይጠይቃሉ፦ የከተማዋን ሽማግሎች ነፍሰ ገዳዮች ናቸው ብሎ የጠረጠራቸው ማን ነው? ሲመልሱም፣ ምስክርነቱ ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ መንገደኛው ነው ይላሉ። ሽማግሎቹ የሚናገሩት ያ ሰው ወደ እነርሱ መጥቶ ሳይበላ እንዳልተሰናበተ፣ አይተውትም ያለ ሸኚ እንዳልለቀቁት ነው።

ራምባም በ«ሞሬ ኔቩኺም» ሥርዓቱ ሕዝብን ስለሚሰበስብና ወሬውን ስለሚያሰማ ገዳዩ እንዲታወቅ ይረዳል ይላል። በሚሽናው አተረጓጎም ግን ልኬቱ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ለሟቹ ሊደርስለት ይችል የነበረው ማን እንደሆነ። እንግዲህ ኦሪት ሁለት ዓይነት ተጠያቂዎችን ታውቃለች ማለት ነው፤ አንዱ እጁን የሰነዘረ፣ ሌላው ቅርብ የነበረ። የመጀመሪያውን ዳኛ ይፈልገዋል፤ ሁለተኛው ግን ማንም ሳይከሰው ራሱ ወደ ሸለቆው ወርዶ መናገር አለበት።

የቤኤር ሼቫ ከተማ ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደለችም። አባታችን አብርሃም በዚህ ስፍራ «ኤሼል» እንደተከለ በኦሪት ዘፍጥረት 21 ተጽፏል። ከጠቢባን አንዱ የፍራፍሬ ቦታ ነው ሲል፣ ሌላው የእንግዶች ማረፊያ ነው ይላል። ቃሉን በሦስቱ ፊደላት ፈትተው አኺላ፣ ሽቲያ፣ ሌቫያ፣ ማለትም መብል፣ መጠጥና ሽኝት ብለው ያነበቡትም አሉ። የዔግላ ዓሩፋ ሽማግሎች አላጓደልንም ብለው የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። በሃዒር ሃዓቲቃ ዳርቻ፣ በዴሬኽ ሔብሮን ያለው «የአብርሃም ጉድጓድ» ዛሬም የዚያ መታሰቢያ ሆኖ ይጎበኛል።

ከዚያ ጉድጓድ በእግር በሚደረሰው ማዕከላዊ የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2015፣ አንድ አጥቂ ወታደሩን ዖምሪ ሌቪን ገደለ፤ ብዙዎችንም አቆሰለ። ሳምንቱ ስለ አብርሃም መውጣት የሚነበብበት የሌኽ ሌኻ ሳምንት ነበር። በግርግሩ መካከል የጥበቃ ሠራተኛ ኤርትራዊውን ስደተኛ ሃብቶም ዘርሁምን አጥቂ መስሎት ተኩሶ መታው። ሃብቶም በእርሻ መንደር ውስጥ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ ሰዎች በእግራቸው ረገጡት፣ በአግዳሚ ወንበርም መቱት፤ በዚያው ሌሊት በሶሮካ ሆስፒታል ሞተ። ክስ ተመሥርቶ ከተከሳሾቹ አንዳንዶቹ ቀላል ቅጣት ተቀብለዋል፤ ሁለቱን ደግሞ በ2020 የከተማው የአውራጃ ፍርድ ቤት ነጻ አውጥቷቸዋል።

ስለ ፍርዱ መከራከር የዚህ ትምህርት ዓላማ አይደለም። ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ያልነበረ ሰው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይቸኩል። የእኛ ጥያቄ ስለ ሦስተኞቹ ነው፤ ስላልተኮሱትና ስላልመቱት፣ በዙሪያው ቆመው ስለነበሩት። ብዙ ወገኖቻችን በመልካችን ምክንያት ያ ጥይት የእኛን ልጅ ሊያገኝ ይችል ነበር ብለው አዝነዋል። እውነት ነው፤ በትግራይ ያደጉት ወንድሞቻችን የሟቹን ቋንቋ እንኳ ይናገራሉ። ነገር ግን ግዴታው እኛን ስለመሰለ የመጣ አይደለም። ሽማግሎቹ ርቀቱን ሲለኩ ሟቹ ከየትኛው ነገድ እንደሆነ አይጠይቁም።

በኦሪት ዘሌዋውያን 19 በባልንጀራችን ደም ላይ ቆመን እንዳንመለከት ታዘናል። ጌማራ በሳንሄድሪን 73 ሦስት ምሳሌዎች ያመጣል፤ በወንዝ የሚሰምጥ፣ አውሬ የሚጎትተው፣ ሽፍቶች የመጡበት። ራስህ ማዳን ካልቻልክ በገንዘብህም ቢሆን ሌላ ሰው ቀጥረህ አድነው ይላል። የእስራኤል መንግሥት በ1998 ያወጣው ሕግ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ትእዛዝ ነው። በድንገተኛ አደጋ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው በፊትህ ካለ፣ ራስህንም ሆነ ሌላውን ለአደጋ ሳታጋልጥ መርዳት ከቻልክ፣ መርዳት ግዴታህ ነው፤ ያልረዳ በገንዘብ ይቀጣል። ለባለሥልጣን ማሳወቅም እንደ መርዳት ይቆጠራል።

በጎንደር መንደሮቻችን የታመመ ሲኖር ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ወደ ለቅሶ ቤትም ማንም ሳይጠራ ይሄዳል። በዚህ አገር ለታመመ አምቡላንስ፣ ለተቸገረ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አለ። ይህ መልካም ነገር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው «ለዚህ የተቀጠረ ሰው አለ» የሚለው ቃል በልባችን ሲያድር ነው፤ ያኔ ከግድግዳው ማዶ የሴት ጩኸት እየሰማን ቴሌቪዥኑን ከፍ እናደርጋለን። ስለጠፋ ንብረት በተጻፈው በኦሪት ዘዳግም 22 ላይ ያለው ቃል «አይፈቀድልህም» አይደለም፤ ቸል ለማለት «አትችልም» የሚል ነው። ራሺ ዓይንን ከድኖ እንዳላዩ መሆን ብሎ ያብራራዋል።

ክብር በሚከበርበት ማኅበረሰባችን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ ትልቅ ሰው በሰው ጉዳይ ይገባልን? ሃላኻ ለክብሩ የማይመጥነውን የጠፋ ዕቃ ከመሸከም ሽማግሌን ነጻ ታደርገዋለች። ነፍስ በሚጠፋበት ጊዜ ግን ይህ ፈቃድ የለም።

ዕብራይስጤ አልበቃም ብሎ ስልክ ከመደወል የሚያፈገፍግ አዲስ ገቢም አለ። ለአምቡላንስ 101፣ ለፖሊስ 100፣ ለእሳት አደጋ 102 ይደወላል። «ጻሪኽ ዔዝራ» የሚሉት ሁለት ቃላት፣ የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር ለመጀመሪያ ይበቃሉ፤ የቀረውን ስልኩን ያነሳው ሰው እየጠየቀ ያወጣዋል።