ስለ ዓሣ የመስተዋት ገንዳ፤ ውኃው ከዓሣው አስቀድሞ መሰናዳት እንደሚገባው

በቤት ወይም በትምህርት ቤት የመስተዋት ገንዳ አቁመው ዓሣ ለማኖር የሚጀምሩ ሰዎች፤ ብዙዎቹ ገንዳውን ጧት በጠራ ውኃ ሞልተው ዓሣውን በዚያው ቀን ይጨምሩበታል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዓሣዎቹ ወደ ውኃው ፊት ወጥተው ያለከልካሉ፤ ቀጥሎም አንድ ባንድ ይሞታሉ። ባለቤቱም በሽታ ገባባቸው ይላል፤ ወይም የሸጠለትን ሰው ይወቅሳል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ዓሣዎቹ የሞቱት ከገዛ ሰውነታቸው በወጣው መርዝ ነው።

ዓሣ በመተንፈሻ ስንጥቡ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ሁልጊዜ ወደ ውኃ ይለቃል፤ ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። በሐይቅና በወንዝ ውኃው ብዙ ስለ ሆነ፤ መርዙን የሚለውጡትም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በጭቃውና በድንጋዩ ላይ ሰፍረው ስለሚኖሩ፤ ጉዳቱ አይሰማም። በአዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ሕያዋን ገና አልሰፈሩም።

ለእርሻ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በበረት ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። ፍጉ ወደ ማሳ በወጣ ጊዜ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፤ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱንም ሰብሉ ይመገበዋል። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሕያዋን በእ.ኤ.አ. 1890 ገደማ ለይቶ ያሳየው በሩስያ ግዛት የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። በመስተዋቱ ገንዳ የሚሆነውም ይኸው ነው። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፤ ውኃው አየር ሳያጣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ በቀር ያን ያህል አይጎዳም።

እንግዲህ ገንዳው ከነማጣሪያው ተሰናድቶ ውኃ ይሞላ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድል አስቀድሞ ክሎሪን በሚያጠፋ መድኃኒት ይታከም። ማጣሪያው ሌሊትና ቀን ይሥራ፤ እነዚህ ሕያዋን አየር ይፈልጋሉና። ዓሣ ሳይገባ፤ ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት አሞኒያ በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ይጨመር፤ ይህ ባይገኝ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል እያደረጉ እንዲበሰብስ መተው ነው። ከዚያ በኋላ በመመርመሪያ ጠብታ እየለኩ መጠበቅ ያስፈልጋል። አሞኒያው እየጎደለ ሲሄድ ናይትራይቱ ይነሣል፤ በመጨረሻም እርሱ ወርዶ ናይትሬት ይበዛል። ይህ ሁሉ ባብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በደጋ አገር ውኃው ስለሚቀዘቅዝ ይዘገያል፤ እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ይፋጠናል። 2 ሚሊግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ጠፍቶ የተገኘ እንደ ሆነ ገንዳው ደርሷል።

ለሚቸኩል ሰው ከሁሉ የሚሻለው እርሾ ነው፤ ይኸውም ጤነኛ ዓሣ ካለበት አሮጌ ገንዳ የማጣሪያ ስፖንጅ ቁራጭ ወስዶ በአዲሱ ማጣሪያ ማግባት ነው። አንዳንዶች አሮጌውን ውኃ በባልዲ ያመላልሳሉ፤ ይህ ድካም ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው አብዛኛው በስፖንጁና በድንጋዩ ላይ ተጣብቆ እንጂ በውኃው ውስጥ ተንሳፎ አይኖርምና። ስፖንጁም ቢያድፍ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይለቅለቅ። ንጽሕና የሚወድ ሠራተኛ በሳሙና አጥቦት የስድስት ሳምንት ሥራ ባንድ ጧት ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ ለቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ዓሣው ሳይታወቅ አስቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ምግቡ ይቀነስ፤ መርዙ እስኪጠፋም ድረስ በየቀኑ ከውኃው ሩቡ ወይም እኩሌታው በታከመ ውኃ ይለወጥ።

በየወረዳው ለትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ገንዳ የሚያቆሙ ሹማምንት የገንዳውንና የዓሣውን ግዢ ባንድ ቀን አይፍቀዱ። ገንዳው ሲደርስም ናይትሬቱ እንዲቀንስ ከውኃው እኩሌታው ይለወጥ፤ በ60 ሊትር ገንዳም መጀመሪያ 4 ወይም 5 ትንንሽ ዓሣዎች ብቻ ይግቡ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ውኃው ዳግመኛ ተለክቶ ደኅና ከሆነ ሌሎቹ ይጨመሩ።