በኪራይ መኪና ወደ በረሃ ስንወርድ

እኛ የወሎ ደገኞች ቆላውን ጭራሽ አናውቀውም አይባልም። አባቶቻችን እህላቸውን በአህያና በበቅሎ ጭነው ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዱ ነበር። ባቲ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛል። አንዱ እህል፣ ሌላው ጨው፣ ሌላው ግመልና ፍየል ይዞ ይመጣል። የባቲ ገበያ ዛሬም የሚቆመው ሰኞ ነው። ከባቲ ወዲያ ግን ብዙዎቻችን አልወረድንም።

አሁን ጊዜው ተለውጧል። ሚሌና ሎግያ አድገዋል። ሰመራም የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በነዚህ ከተሞች ድንችና ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አለ። ስለዚህ ጥቂት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ አንድ አይሱዙ ተከራይተው፣ ድንቻቸውን ጭነው ለመውረድ ያስቡ ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን በረሃ ሳይዘጋጅ የመጣን ሰው አይምርም። የጠፋ ብር ተሠርቶ ይተካል። የጠፋ ሕይወት ግን በምን ይተካል?

ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት አራት ነገሮችን እንማር። እነሱም አገሩን ማወቅ፣ ውሉን ማንበብ፣ ውኃውን ማስላት፣ መንገዱን መጠየቅ ናቸው። አራቱም የሚሠሩት መኪናው ሳይነሳ፣ ገና ደጋ ላይ ሳለን ነው። ለሥራውም ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል።

1. አገሩን ማወቅ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ባቲ ወደ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ሚሌና ሰመራ ግን 500 ሜትር እንኳ አይሞሉም። ከደሴ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን ማለት ነው።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? 1,000 ሜትር ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ይጨምራል። 2,000 ሜትር ስንወርድ 12 ወይም 14 ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ቀትር ላይ ሰመራ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንወርድ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉትን ወራት እንምረጥ።

ክረምት ሌላም አደጋ አለው። የሚሌ ወንዝ የሚነሳው ከኛው ከወሎ ደጋ ነው። ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉ ቆላ ላይ ይደርሳል። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለ እንኳ ደረቅ የነበረ ወንዝ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ በወንዝ መሄጃ ላይ መኪና አናቁም፤ እዚያም አንተኛ።

2. ውሉን ማንበብ

መኪና የምንከራየው በቃል ብቻ መሆን የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንበብ ለማይችል ሰው ጥበቃ ያደርግለታል። ማንበብ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ የፈረመው ውል በአዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። እኛ ግን ዛሬ ማንበብ እንችላለን። ስለዚህ ፈርመን ስናበቃ «አላነበብኩትም ነበር» ብንል የሚሰማን የለም። ማንበብ መቻል መብት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ነው። ባለመኪናው ቢቸኩልም እኛ ቀስ ብለን እናንብብ።

ውሉ የሚከተሉትን ነገሮች በግልጽ ይናገር፦

ሀ. ኪራዩ በቀን ነው ወይስ በኪሎ ሜትር? ስንት ብር ነው?
ለ. የናፍጣውን ዋጋ ማን ይከፍላል? የሾፌሩንና የረዳቱን ምግብና መኝታስ?
ሐ. መኪናው የት ድረስ ይሄዳል? የከተማው ስም ይጻፍ።
መ. መኪናው ከተበላሸ የማሠሪያውን ማን ይከፍላል? በብልሽት የቆመበት ቀን ኪራይ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም?
ሠ. ቀብድ ስንት ተከፈለ? የቀረውስ መቼ ይከፈላል?

«መ» የተባለችው ቁም ነገር ቀላል አይደለችም። በሒሳብ እንያት። ለምሳሌ 30 ኩንታል ድንች ጫንን እንበል። ኪራዩ በቀን 6,000 ብር ነው፤ ጉዞው 3 ቀን ይፈጃል እንበል። 6,000 በ3 ሲባዛ 18,000 ብር ይሆናል። ይህ ለ30 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 600 ብር ይደርሳል። አሁን መኪናው ተበላሽቶ አንድ ቀን ቢቆምስ? ውሉ ዝም ካለ ባለመኪናው የአራት ቀን ልክፈል ሊለን ይችላል። ያኔ 24,000 ብር ሆነ፤ በኩንታል 800 ብር ማለት ነው። ባልጠየቅናት አንዲት ጥያቄ በየኩንታሉ 200 ብር አጣን። ትርፋችንም በዚያው አለቀ።

ቀብድም ሕግ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ስንሰጥ ደረሰኝ እንቀበል።

ከመፈረማችን በፊት መኪናውንም እንመርምር። ሊብሬውን አምጣ እንበል። ሊብሬው ላይ ስንት ሰውና ስንት ኩንታል እንደሚጭን ተጽፏል። ቦሎው ጊዜው እንዳላለፈበት እንይ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ መኖሩን እናረጋግጥ። የሾፌሩ መንጃ ፈቃድም ለመኪናው ዓይነት የሚበቃ ይሁን። ከዚያም ጎማዎቹን እንይ፤ ያለቀ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ይፈነዳል። ስኮርቱ ነፋስ አለው ወይ? ክሪኩና የጎማ መፍቻው አለ ወይ? ራዲያተሩ ያፈሳል ወይ? ትርፍ ቺንጋ ተይዟል ወይ? ፍሬኑስ? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬኑ የደከመ መኪና አይወድም። እዚያ ላይ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይውረድ።

ሌላም አለ። በጭነት ላይ ሰው አይሳፈርም። በጋቢናው ልክ ሰው ይሂድ፤ የተረፈው በአውቶቡስ ይምጣ።

3. ውኃውን ማስላት

በበረሃ አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውኃ ለመጠጥ ያስፈልገዋል። ጭነት የሚያወርድ ከሆነ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ጋቢናው ውስጥ ሾፌሩ፣ ረዳቱና አንድ ወኪላችን ይሄዳሉ እንበል። ሦስት ሰው ማለት ነው። ለሦስት ቀን እንያዝ።

3 ሰው × 5 ሊትር × 3 ቀን = 45 ሊትር።

ለራዲያተሩ 20 ሊትር እንጨምር። በጠቅላላው 65 ሊትር ሆነ። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ 4 ጀሪካን እንይዛለን፤ የሚተርፈው ለክፉ ቀን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን አራቱ ጀሪካን 80 ኪሎ ይሆናሉ። ይህ ከጭነቱ ላይ ይቀነስ። «ውኃውን ትተን አንድ ኩንታል ድንች እንጨምር» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ምክር አንስማ። «ባቲና ሚሌ ውኃ አለ» ብለንም ስሌቱን አንቀንስ። መኪና የሚበላሽበትን ቦታ መርጦ አይበላሽም።

ውኃ መጠጣት የሚገባው ሳይጠማን ጀምሮ ነው። ሽንታችን ከጠቆረና ካነሰ ሰውነታችን ውኃ ጎድሎታል። በላብ የሚወጣው ጨውም ነው። ስለዚህ ከምግብ ጋር ጨው አይጉደል። ሰው ቢደክምና ቢያስመልሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠን በጥቂት በጥቂቱ እናጠጣው። ማንኪያው ልክ ልክ ይሁን፤ አይቆለል።

4. መንገዱን መጠየቅ

በረሃው ባዶ አገር አይደለም። ከባቲ ወደ ሚሌ ስንሄድ ከመንገዱ በስተደቡብ ሐዳር የሚባል ቦታ አለ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የድንቅነሽ አጥንት የተገኘው እዚያ ነው። ዛሬ ደግሞ አገሩ የአፋር አርብቶ አደሮች አገር ነው። ግጦሹም፣ ጉድጓዱም፣ ጥላውም ባለቤት አለው። ሳንጠይቅ ከጉድጓድ ውኃ አንቅዳ፤ አንታጠብበትም። ግመልና ፍየል መንገድ ሲያቋርጥ መኪናው ይቁም። የሰው ከብት ከተገጨም አንሽሽ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ፖሊስን እንጠይቅ።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ትልቅ ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆም ብለው ዜና ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ? ሣሩ የት አለ? ውኃው የት ነው? ሰላም ነው ወይ? ያየውንና የሰማውን አንዱ ለሌላው በትክክል ይነግራል። በረሃ ላይ እውነተኛ ወሬ እንደ ውኃ ሕይወት ያድናል። እኛም ይህን ጥሩ ልማድ እንማር። ከመነሳታችን በፊት ከቆላ የተመለሱ ሾፌሮችን እንጠይቅ። ኮምቦልቻ ላይ፣ ባቲ ላይ፣ ሚሌ ላይ ቆም ብለን ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው እንጠይቅ። መንገዱ ሰላም አይደለም ከተባልን እንቅር። የበሰበሰ ድንች ይሻላል።

ለቤተሰባችንም የመነሻችንን ቀን፣ የመኪናውን ታርጋ ቁጥርና የምንመለስበትን ቀን ጽፈን እንተው። ስልክ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ባትሪም ያልቃል። ስለዚህ አስፈላጊ የስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፈን በኪሳችን እንያዝ።

ጉዞው ላይ

ጭነቱ ማታ ተጭኖ ይደር። መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳ። በዚህ ዓይነት ፀሐይዋ ሳትበረታ ሰመራ እንደርሳለን፤ ድንቹም ብዙ አይጎዳም። ቀትር ላይ በጥላ እንረፍ፤ ከመሸ በኋላ አንንዳ።

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ትኩሱ ውኃ ፈንድቶ ፊት ያቃጥላል። መኪናውን አቁመን እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ።

መኪናው ጨርሶ ቢቆምስ? ከመኪናው አንራቅ። የኮምቦልቻና የአሰብ መንገድ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ፋንታ በጅቡቲ ስለሚገባ ብዙ የጭነት መኪና በሚሌ በኩል ያልፋል። በመኪናችን ጥላ ሥር ብንቀመጥ የሚያልፍ ሰው ያየናል። በእግር ወደ በረሃው የገባን ሰው ግን ማን ያየዋል?

አንድ ሰው ሰውነቱ እንደ እሳት ቢግል፣ ቢዘባርቅ ወይም ራሱን ቢስት ነገሩ አደገኛ ነው። ቶሎ ወደ ጥላ እናግባው። ልብሱን አላልተን ውኃ እናፍስበት፤ በነጠላ እናራግብበት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አናፍስ፤ ያንቀዋል። ከዚያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ማታ በአጎበር ውስጥ እንተኛ። ደገኛ የወባን በሽታ አልለመደም። ከተመለስን ከሳምንት ወይም ከወር በኋላም ቢሆን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለን ወደ ጤና ኬላ እንሂድ። «ቆላ ወርጄ ነበር» ብለን እንናገር። ይህች አንዲት ቃል ሐኪሙን ትረዳዋለች።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

ያልታሰበበት ጉዞ ምን እንደሚያደርስ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በኒጀር አገር ታይቷል። በሰሐራ በረሃ ወደ አልጄሪያ ይጓዙ የነበሩ ሰዎች መኪናቸው ተበላሸ። መንገደኞቹ ውኃ ፍለጋ በየአቅጣጫው ተበታተኑ። በኋላ የ92 ሰዎች ሬሳ ተገኘ። ከነዚህ 52ቱ ሕፃናት፣ 33ቱ ሴቶች፣ 7ቱ ወንዶች ነበሩ። የገደላቸው ጥይት አይደለም፤ ጥም ነው።

እንግዲህ ወደ ቆላ ወርዶ መነገድ ጥሩ ሥራ ነው። ደጋና ቆላ አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የበረሃ ጉዞ የሚሠራው ደጋ ላይ ነው። ውሉን ያነበበ፣ ውኃውን ያሰላ፣ መንገዱን የጠየቀ ሰው ሸጦ በሰላም ይመለሳል። ቁጥርና ፊደል የተማርነውም እንዲህ ባለው ቀን እንዲያገለግሉን ነው።

ጥያቄዎች

1. ከደሴ ወደ ሰመራ ስንወርድ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል?
2. አምስት ሰዎች ለሁለት ቀን ቢሄዱ ለመጠጥ ስንት ሊትር ውኃ ይዘው መሄድ አለባቸው? ስንት ጀሪካን ይሆናል?
3. ቀብድ የተቀበለ ባለመኪና ውሉን ቢያፈርስ ምን ያህል ይመልሳል?
4. «ዳጉ» ምንድን ነው? በእናንተ ቀበሌ መንገደኛ ሲመጣ ምን ምን ትጠይቃላችሁ?
5. ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ የመኪና ኪራይ ውል በደብተራችሁ ጻፉ። ከ«ሀ» እስከ «ሠ» ያሉት ነገሮች ሁሉ መግባታቸውን ተያይታችሁ አርሙ።