ከውሃ ለወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው

ክረምት በገባ ቍጥር ወንዞች ይሞላሉ፤ ድንጋይ የወጣባቸው ጉድጓዶችም ውሃ አቍረው ኩሬ ይሆናሉ። ሊዋኙ ከሚገቡት ልጆች አንዳንዶቹ ይሰጥማሉ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ሕዝባችን ለመርዳት አይሰንፍም፤ ነገር ግን ብዙዎች ልጁን ካወጡት በኋላ በእግሩ አንጠልጥለው ይዘቀዝቁታል፤ ሆዱንም እየተጫኑ የጠጣውን ውሃ ለማስወጣት ይደክማሉ። ይህ ሥራ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

የሰጠመን ሰው የሚገድለው በሆዱ ያለው ውሃ ሳይሆን የአየር እጦት ነው። ሆዱ ሲጫን የበላው ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አንጎልም ኦክሲጅን ካጣ ከአራት ደቂቃ ያህል በኋላ መጐዳት ይጀምራል፤ ስለዚህ ውሃ ለማፍሰስ የባከነው ጊዜ ለትንፋሽ ሊውል የሚገባው ጊዜ ነበር።

«ሌላ ሰው የተነፈሰው አየር ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በዙሪያችን ካለው አየር ከመቶ 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ሲሆን፣ ከአፋችን በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ደግሞ ከመቶ 16 እጅ ያህል ይገኛል። ይህም ሕይወትን ለማቆየት እንደሚበቃ ጀምስ ኢላምና ፒተር ሳፋር የተባሉ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር በምርመራ አረጋግጠዋል። በ1960ም በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሊቃውንት ደረትን በእጅ በመጫን ልቡ የቆመን ሰው ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አስታወቁ። የሁለቱ ዘዴዎች አፈጻጸም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ረጂው ዘሎ ወደ ውሃው አይግባ፤ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም የተከደነ ባዶ ጀሪካን ያቀብል።

2ኛ፤ የወጣውን ሰው በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ ይጥራው። መልስ ካልሰጠ፣ ደረቱም ከፍና ዝቅ ካላለ፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጣጥር ከሆነ አይተነፍስም ማለት ነው። ምርመራው ከዐሥር ሴኮንድ አይለፍ። ሌላ ሰው ካለ አምቡላንስ ይጥራ።

3ኛ፤ ግንባሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ አገጩን ከፍ አድርጎ የአየሩን መንገድ ይክፈት። አፍንጫውን ይዞ፣ አፉን በአፉ ገጥሞ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ ሁለት ጊዜ ይተንፍስለት። ጨቅላ ሕፃን ከሆነ ራሱን ብዙ ሳያዘነብል አፉንና አፍንጫውን አንድነት ሸፍኖ በቀስታ ይተንፍስለት።

4ኛ፤ አሁንም ካልነቃ የመዳፉን ሥር በደረቱ መካከል አኑሮ፣ ሌላውን እጅ ደርቦ፣ ክንዱን ሳያጥፍ 30 ጊዜ ይጫን። ጥልቀቱ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ጨቅላ ሕፃን ከሆነ ደረቱን በሁለት እጁ አቅፎ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይጫን፤ ጥልቀቱም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

5ኛ፤ 30 ጊዜ መጫንና 2 ጊዜ መተንፈስ፣ ሰውዬው እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ ሳይቋረጥ ይደጋገም። ብቻውን ያለ ረጂ አምስት ዙር ፈጽሞ አምቡላንስ ይጥራና ይቀጥል። ትውከት ቢወጣ ወደ ጐን አዙሮ አፉን ይጥረግ።

የነቃ ሰው በጐኑ ተኝቶ፣ እርጥብ ልብሱ ወልቆ ይሸፈን፤ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ይችላልና ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ለዚህ ሥራ እጅና ትንፋሽ ይበቃሉ፤ የሚጐድለው ልምምድ ነው። ልምምዱም በጤነኛ ሰው ደረት ላይ ሳይሆን ለትምህርት በተሠራ አሻንጉሊት ላይ በአሠልጣኝ ፊት ይደረጋል። አንባቢ ሆይ፣ ወንዙ ሳይሞላ ይማሩ፤ የተማሩትንም ለጎረቤትዎ ያስተምሩ።