ገለልተኛ አገር ለምን ይዋጋል? ከደጎሎ የማስተማር ልምምዴ

ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ደጎሎ ነበር። የዕለቱ ርዕስ «አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ለምን ገባች?» የሚል ነው። እኔም በተማርኩት መሠረት «የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሉሲታንያን ስላሰመጡ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ጨረስኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ መርከቧ የሰመጠችው እ.ኤ.አ. በ1915 ከሆነ እስከ 1917 ምን አስጠበቃቸው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፦ «ሰበብ» እና «ምክንያት»። አሜሪካ ገለልተኛ ነኝ ብትልም ንግዷና ብድሯ በአብዛኛው ወደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ይሄድ ነበር። ይህ ምክንያት ነው፤ ቀስ እያለ ይጎትታል። በየካቲት 1917 ጀርመን ያለገደብ መርከብ መምታቷን እንደገና ጀመረች፤ ከሜክሲኮ ጋር ለመተባበር ያሰበችበት ቴሌግራምም ወጣባት። ይህ ሰበቡ ነው። አሜሪካም ሚያዝያ 6 ቀን 1917 ጦርነት አወጀች።

ቀጥዬ ወደ አገራችን መጣሁ። ያኔ ኢትዮጵያም ገለልተኛ ነበረች፤ ግን ዙሪያዋን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣልያን ቅኝ ግዛቶች ተከባለች። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ሲያዘነብሉ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በአንድነት ተቃወሙ። የሸዋ መኳንንትም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። አገሪቱ ዓለም ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ ቀረች፤ የወሎና የሸዋ ሰው ግን እርስ በርሱ ተላለቀ።

አንዷ ተማሪ «የወረዱት ስለሰለሙ ነው ይባላል» አለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥበት ክፍል ጸጥ አለ። «እሱ ያወረዷቸው ሰዎች ያቀረቡት ክስ ነው። በየትኛው በኩል እንጻፈው?» አልኳቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ክሱን «ሰበብ» ሥር፣ የመኳንንቱን የሥልጣን ጥያቄና የሌጋሲዮኖቹን ሥጋት «ምክንያት» ሥር አሰፈሩት።

ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ የአንድ መስመር መልስ አትስጡ። አገሩ ከማን ጋር ይነግዳል? ጎረቤቱ ማነው? ከውስጥ ማን ይጠቀማል? ብላችሁ አስጠይቁ። ሰበቡን ብቻ የተማረ ልጅ ጥፋቱን ጎረቤቱ ላይ ይፈልጋል።