ለአዲሷ ርእሰ መምህርት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

በምዕራብ ሸዋ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነሽ መመደብሽን ስሰማ ልቤ ሞላ። ጎበዝ የኬሚስትሪ መምህር መሆንሽን ስለማውቅ ስለ ማስተማር የምነግርሽ የለኝም። የምጽፍልሽ ስለ ሌላው ነው፦ ትምህርት ቤቱን ከማን ጋር እንደምታስተዳድሪ፣ ገንዘቡም ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ። በጊንጪም፣ በአምቦም፣ በጉደርም፣ በጌዶም፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በጎጆም ሆነ በሽኖ ስንት ጥሩ መምህር በወንበሩ ላይ ተቀምጦ በዚህ ጉዳይ ሲቸገር አይቻለሁ። የማስተዳደሩን ሥራ ከማስተማሩ አሳንሰሽ እንዳታዪው እለምንሻለሁ።

1. ሳትረከቢ አትፈርሚ። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ርክክብ ግን የመተማመን ጉዳይ አይደለም። የባንክ ሒሳቡ መግለጫ፣ የቼክ ጉርዶቹ፣ የገቢ ደረሰኝ ጥራዞቹ፣ የወላጅ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ የንብረት መዝገቡ ከነገቢና ወጪ ደረሰኞቹ (ሞዴል 19 እና ሞዴል 22) አንድ በአንድ ይቆጠሩ። በመዝገብ ላይ አሥር ማይክሮስኮፕ ተጽፎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስድስት ካለ፣ በርክክቡ ቀን «አራት የለም» ተብሎ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከወር በኋላ ቢታወቅ የጎደለው አራት በአንቺ ስም ይመዘገባል።

2. ወላጅን ለመዋጮ ብቻ አትጥሪ። ከምጽፍልሽ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ።

የእኛ አገር ሕዝብ ለትምህርት ሲከፍል የኖረ ሕዝብ ነው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ገበሬው ከፍሏል፤ ብዙው የከፈለው ግን ልጁ ደጃፉን ሳይረግጥ ነው። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ይተዳደሩ ተብሎ ታወጀ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ተወካይ ገባበት፤ ዋናው ውሳኔ ግን ከላይ ይመጣ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት አመራር፣ የአደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ አወጣ። የወረዳና የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርዶች፣ በየትምህርት ቤቱም የወላጅና የመምህር ኅብረት ቦታቸውን ያገኙት በዚህ ነው። ኋላ ተማሪውም ተጨምሮ ዛሬ ሁላችን ወተመህ የምንለው ሆነ።

መመሪያው ጥሩ ነው። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር በገበያ ቀን ከተማ ሲገባ ይጠራል፤ ቼኩ ተዘጋጅቶ ይቆየዋል፤ ይፈርማል፤ ይሄዳል። ምን እንደተገዛ፣ ለምን ያ እንደተመረጠ፣ ዋጋው ስንት እንደነበር አይጠይቅም፤ የሚነግረውም የለም። ከዚያ ጣሪያ ሲያፈስ ወላጅ ይሰበሰባል፣ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ብር ይባላል። ወላጁ ያጨበጭባል፤ እቤቱ ሲገባ ግን ያጉረመርማል። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ አይመጣም። ርእሰ መምህሩም «ይህ ኅብረተሰብ ለትምህርት ደንታ የለውም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ደንታ የሌለው ሆኖ አይደለም። ሰው ያልወሰነበትን ነገር በልቡ አይከፍልም፤ የከፈለውንም አይጠብቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ወላጆችን በውሳኔው ላይ አስቀምጫቸው፣ መዋጮው ከዚያ ይምጣ። ዕቅዱ ረቂቅ ሳለ አሳዪያቸው፤ ከታተመ በኋላ ማሳየት ማሳወቅ ይባላል እንጂ ማማከር አይባልም። ለግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ አንዱን ፕሮፎርማ የኮሚቴ አባል ይዞ ይምጣ። ዕቃው ሲገባ ቆጥሮ የሚረከብ ወላጅ ይኑር። ይህን ስታደርጊ አንዳንድ ሰው ሥልጣንሽን የቀነስሽ ይመስለዋል፤ አትስሚው።

3. አራቱን የገንዘብ ምንጮች ለይተሽ እወቂ፣ አንዱን ከአንዱ አትቀላቅዪ።

የመጀመሪያው የመንግሥት በጀት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ለወረዳ በጥቅል የሚሰጠው በጀት አለ፤ ወረዳው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ያከፋፍለዋል። ከትምህርቱ ድርሻ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የምትደርስሽ ጥቂት ናት፤ እርሷም በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የምትወጣው። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልተጠቀምሽበት ይመለሳል። የግዢ ጥያቄሽን ጥቅምትና ኅዳር ላይ አስገቢ። ግንቦት ላይ የሚጠይቅ ሁሉ በአንድ በር ሲጋፋ ታያለሽ፤ ያኔ የሚገዛው የሚያስፈልገው ሳይሆን የተገኘው ነው።

ሁለተኛው በተማሪ ቁጥር ልክ እየተሰላ የሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው፤ እናንተ ግራንት የምትሉት። በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ፕሮግራም፣ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረ ገንዘብ ነው። የሚወጣው በትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅዱ ላይ ለሰፈረው ብቻ ይሁን። በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላም ዝርዝርሽ እውነተኛ ይሁን፤ ያቋረጠ ልጅን ቆጥሮ ገንዘብ መቀበል በልጁ ስም መስረቅ ነው።

ሦስተኛው የውስጥ ገቢ፣ አራተኛው የሕዝብ መዋጮ ነው። ስለ እነዚህ ለብቻ እነግርሻለሁ።

አንድ ነገር ጨምሪ። የወረዳው ሰዎች በጀት ሲያከፋፍሉ በአካል ተገኝተሽ ተናገሪ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ይህን በትሕትና መጥቀስ ጥፋት አይደለም። ብቻሽን ከምትሄጂ ሁለት ወላጅ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል፤ ካቢኔ ርእሰ መምህርን ያሳድራል፣ ወላጅን ግን ይሰማል።

4. ያለ ደረሰኝ አንዲት ሳንቲም አትቀበዪ። የሰነድ ማውጫም ይሁን የትራንስክሪፕት፣ በመምህር ኪስ የሚያድር የትምህርት ቤት ብር አይኑር።

5. ከግንባታው ይልቅ ለማስኬጃው ተጨነቂ። ክፍል መሥራት ሰው የሚወደው ሥራ ነው፤ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ለጠመኔ፣ ለአሲድ፣ ለአምፖል፣ ለውኃ ቧንቧ ጎማ ገንዘብ የሚሰጥ ግን የለም።

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሆኖ የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ሲገባ ታስታውሻለሽ ወይም ታላቆችሽ ነግረውሽ ይሆናል። ትልቅ ገንዘብ ፈሰሰበት። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፍ ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ ያለፈው ትምህርት አይመለስም። ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያም፣ ለመለዋወጫ የተያዘ በጀትም በትምህርት ቤቱ እጅ አልነበረም። ብዙው መሣሪያ በቆርቆሮ ሣጥኑ እንደተቆለፈ ግድግዳው ላይ ዓመታት ቆየ። ተጠያቂው መሣሪያው አልነበረም፤ ከግዢው ማግስት ስላለው ቀን ያሰበ አልነበረም።

ጎረቤት ኬንያ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል። ከነፃነት በኋላ ሕዝቡ በሐራምቤ ተባብሮ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራ፤ ግድግዳው ቆመ፣ መምህርና መጽሐፍ ግን ለብዙዎቹ አልደረሰም። በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት 22,244 ሽልንግ መድቦ ለየትምህርት ቤቱ መላክ ጀመረ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግም የየትምህርት ቤቱ ቦርድ ያስተዳድረዋል። ገንዘቡ ይዘገያል፣ ይጎድላል ብለው ያማርራሉ። ቢሆንም አንድ ወላጅ ለልጁ ስንት እንደተመደበ ቁጥሩን ያውቃል። የእኛ ወላጅ ይህን ቢጠየቅ አያውቅም፤ አንቺ አስታውቂው።

ስለዚህ ለጋሽ መጥቶ «ምን ልሥራላችሁ?» ሲል «አንድ ክፍል» ለማለት አትቸኩዪ። «ላብራቶሪያችን ለሦስት ዓመት የሚበቃ ኬሚካል» በዪው። ፊቱ ቢቀዘቅዝም በዪው።

6. የግቢውን መሬት እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ከሌለ በመጀመሪያው ዓመትሽ ይውጣ፤ ድንበሩም በጽድ ወይም በአጥር ይታወቅ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የመጫወቻ ሜዳቸውና የጭልሞ ደን ለባለሀብት መሰጠቱን ተቃውመው እንደወጡ አገር ያውቃል፤ ያ ተቃውሞ ወደ መላ ኦሮሚያ ተስፋፋ። ለልጆች ሜዳ ምን ያህል እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚናገር የለም።

መሬቱ ገቢም ያመጣል። የግቢው ሣር በጨረታ ይሸጣል፤ ባሕር ዛፉ ሲደርስ ይቆረጣል፤ የሻይ ቤቱ ቦታ ይከራያል፤ ውኃ ባለበት፣ በጉደር በኩል እንደሚደረገው፣ ሽንኩርት ይለማል፤ በጄልዱ ደጋ ድንች ይተከላል። የውስጥ ገቢ ለትምህርት ቤቱ የሚውል ነው፤ ክፉ ዓይን የሚያርፍበትም እርሱ ነው። ሣሩን ለዘበኛው ዘመድ፣ ሻይ ቤቱን ለባለሥልጣን ሚስት በቃል የሰጠ ርእሰ መምህር፣ ወላጅን መዋጮ ሲጠይቅ ምን ፊት ይኖረዋል? ጨረታው ይለጠፍ፣ በኮሚቴው ፊት ይከፈት፣ አሸናፊው ይጻፍ። ተማሪን በትምህርት ሰዓት ለእርሻ አታሰማሪ።

7. መዋጮ በወቅቱ፣ በአቅሙ፣ በፈቃዱ። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬው ጎተራ ባዶ ነው፤ በዚያ ወቅት ለምዝገባ ብር መጠየቅ ልጅን ማስቀረት ነው። ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ ጥር ላይ ጠይቂ። ብር የሌለው ድንጋይ ያምጣ፣ አሸዋ ያመላልስ፣ ለአናጢው ያግዝ፤ ደቦ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የጉልበቱም ዋጋ በብር ተተምኖ በመዝገብ ይግባ፤ ድሃው ወላጅ ስሙ ከሀብታሙ ጎን ሲነበብ ይስማ። ወላጁ ላልከፈለ ልጅ ካርድ መከልከል፣ ፈተና አታስገቡት ማለት፣ በሰልፍ ላይ ስሙን መጥራት በአንቺ ዘመን አይሁን። ትምህርቱ የመንግሥት ነው፤ መዋጮው የፈቃድ ነው።

8. ሒሳቡን ግድግዳ ላይ ለጥፊ። በሩ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ዝናብ በማይመታው በኩል፣ በየሦስት ወሩ አንድ ወረቀት ይሰቀል፦ ቀን፣ የገባው፣ የወጣው፣ ለምን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀሪ። በትልቅ ፊደል፣ ወላጁ በሚያነበው በኦሮምኛ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። «ካፒታል» እና «ሬከረንት» እያልሽ አታድክሚያቸው፤ «ጣሪያ ላይ ይህን፣ መጽሐፍ ላይ ይህን አወጣን» በያቸው። እናቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም እንዳይሉ ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት በር እንደሌለው የሚነግሩሽ እነርሱ ናቸው፤ ከወንዶቹ ኮሚቴ ይህን ለመስማት ዓመት ይፈጅብሻል።

9. የፈተናውን ውጤት ከገንዘቡ ጋር አብረሽ አቅርቢ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። ይህን ከወላጅ የሚደብቅ ርእሰ መምህር አለ። አትደብቂ። የአንቺ ትምህርት ቤት ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ንገሪያቸው፤ ከዚያ «የሒሳብ መምህር ለአንድ መንፈቅ አልነበረንም፤ አዲሱ መጽሐፍ ለአራት ልጅ አንድ ነው» በያቸው። ኢንስፔክሽኑም ቢሆን ከመቶው 25ን ለግብዓት፣ 35ን ለሂደት፣ 40ን ለውጤት ነው የሚሰጠው። ወላጅ ውጤቱንና ጉድለቱን ሲያውቅ የመዋጮው ጥያቄ ይቀየራል፤ ለአጥር ሳይሆን ለመጽሐፍ እንዲሆን የሚጠይቀው ራሱ ነው።

10. የቀድሞ ተማሪዎችን ፈልጊ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቦዳ ልጅ ነው፣ በአምቦ ተምሯል፤ ከዚህ አካባቢ የወጡ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ነጋዴዎች በአዲስ አበባም በውጭ አገርም አሉ። ሲሰጡ ግን በዕቅዱ ውስጥ ባለው ላይ ይስጡ፤ ገንዘቡም በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ፣ በጥምር ፊርማ ይግባ። በግል ስልክሽ የሚላክልሽን ብር መልሺው።

11. የመጀመሪያውን የወላጆች ጉባኤ መስከረም ሳያልቅ ጥሪ። በእሑድ ወይም በበዓል ቀን አታድርጊው፣ በገበያ ቀንም አታድርጊው። አጀንዳው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ያለፈው ዓመት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ፣ የዘንድሮው ምን ላይ እንዲውል እንደሚፈልጉ። በዚያ ቀን ከማንም ብር አትጠይቂ።